ምን አውቅልሽ

ሰዓቱ ሦስት ሆነ፣ ከምሽቱ ሦስት፣
ፊቴ ላይ ተከፍቷል ያ ምዕራፍ ሦስት፤
«የጥናቱ ዘዴ» ይላል አርእስቱ፣
ከዚያ ወዲያ ባዶ፣ ነጭ ነው ፊቱ።
ጠቋሚዋ መስመር በራ ትጠፋለች፣
እንደ ደጅ ጠኚ ሰው «እህስ?» ትላለች።

ባሕር ዳር አምሽታ ባጃጁም ቀነሰ፣
የሐይቁ ነፋስ በመስኮት ደረሰ።

እምቦጭ ነው ጥናቴ። ጣናን የወረረው፣
ማጭድ ያቃተው፣ ማሽን ያልበገረው፤
ሦስት ቀበሌ ዞሬ አረሙን ለክቻለሁ፣
አንድ እግር ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ትቻለሁ፤
ቁጥሩ ተሰብስቧል፣ ናሙናውም ደርቋል፣
ከመጻፉ በቀር ሁሉም ተጠናቋል።

ዶክተር አንሙትማ መች ይቆጡና!
«እጠብቅሻለሁ» አሉኝ እንደገና።
ስድብስ ውሎ ሲያድር ይረሳል፣ ይሻላል፤
ትዕግሥት ግን በር ቆሞ ቀስ ብሎ ያስላል።

እናማ ላፍታ ብቻ፣ ለአምስት ደቂቃ፣
አእምሮ እስኪያርፍ፣ ጣቴም እስኪነቃ፣
ስልኬን አነሣሁት።

አንድ ጨዋታ አለ፣ ደብሬ ያሳየችኝ፣
(እሷ ጽፋ ጨርሳ እኔን ለከፈችኝ።)
ሰው ይሁን እንስሳ በልብሽ ያዢና፣
ጠይቄ ልድረስበት ይላል በትሕትና።

ጉማሬ ያዝሁበት፣ ድልድዩ ሥር ያለውን፣
የጎረቤታችንን ጎመን የበላውን፤
በሰባት ጥያቄ «ጉማሬ» አለና ሣቀ፣
ቆሮሶ ያዝሁበት፣ በዘጠኝ አወቀ።
የደንገል ታንኳ ላይ ግን ተደናገረ፣
«ቅርጫት ነው?» አለና ራሱም አፈረ።

ከጣና የመጣች ቢንቢ ገብታ አረፈች፣
በባዶው ገጼ ላይ አንድ ነጥብ ጻፈች።
አራት ነጥብ ለመሆን ሦስት እህት ይጎድላታል።
የዛሬ ሥራዬ ይኸው እሱ ነው።

አምስት ደቂቃዬ አምስት ሰዓት መታ፣
ደብሬ ተኝታለች ለግንቡ ፊት ሰጥታ።

ቁንዝላ ልጅ ሳለሁ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣
ወንድሜ ነበረ በእንቆቅልሽ የሚያለፋ፤
መልሱ ከጠፋብሽ «አገር ስጪኝ» አለ፣
ጎንደርን ብሰጠው «ሌላስ?» እያለ፤
ደብረ ታቦርን ሰጥቼ፣ ደንበጫን መርቄ፣
አገር አለቀብኝ አንድ መልስ ባለማወቄ።
ስልክ ግን ሲሸነፍ ለማንም አይገብርም።

እስቲ ይኽን ይወቀው፣ አልኩኝ ተናድጄ፣
ምዕራፍ ሦስትን ያዝሁ፣ ከፊቴ ወስጄ።

ሕይወት አለው?
— የለውም።
በእጅሽ ይጨበጣል?
— እስካሁን አልጨበጥኩትም።
ሰዎች ስለ እሱ ያነሡብሻል?
— በየቀኑ። እናቴ ሳትቀር።
ሌሊት ሌሊት ይመጣብሻል?
— አዎ።
ትፈሪዋለሽ?
(ጣቴ ትንሽ ቆየ።)
— አዎ።
ልታመልጪው ትችያለሽ?
— አዎ። አይ። «አላውቅም» የሚለውን ነካሁ።
አንድ ቀን ግን መምጣቱ አይቀርም?
— አይቀርም ይላሉ።

ጥቂት አሰበና፣ አዞረ አዞረና፣
«ገባኝ» አለ ስልኬ ደረቱን ነፋና፦
«ሞት ነው።»

አይደለም!
ብድግ አልኩ ከወንበሬ፣
ደንግጣ ነቃችና «ምን ሆንሽ?» አለች ደብሬ፤
«አሸነፍኩ!» ብላት፣ «ጨረስሽ?» አለችኝ፣
ከዚያ ሁሉ ጥያቄ እሷው ናት ያወቀችኝ።

«በል አገር ስጠኝ» አልኩት፣ ተረቷልና፤
ያለው ሁለት ፐርሰንት ባትሪ ነበርና
እሱኑ ሰጠኝ። ጠፋ።

ተፋጠን ቀረን እኔና ነጭ ገጹ፣
ከዘንባባው ወዲያ የሐይቁ ድምፁ።
ቢንቢዋ እዚያው ነች፣ ቦታዋን ሳትለቅ፣
ለነጥቧ የሚሆን ቃል ጀመርኩ መጠየቅ፦

«ጥናቱ የተካሄደው በጣና ዳርቻ ነው»

አነበብኩት።
ደግሜ አነበብኩት።
ምንም አይልም።
ሦስቱን ነጥብ ጨመርኩላት፣
ቻርጀር ፍለጋ ተነሣሁ።